ከጋሽ ኑሩ ጋር እንድነጋገር ሰባት ወር ለመረመራችሁኝ ክቡራን

ለተከበረው የሕክምና ካናቢስ አማካሪዎች ፈቃድና የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ክፍል
ባላችሁበት

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እመኛለሁ። ወገባችሁን ከወንበር ብዛት፣ ዓይናችሁን ከስክሪን ብርሃን፣ ጣቶቻችሁን ደግሞ «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው» የሚለውን መልእክት ደጋግሞ ከመላክ ድካም ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

ምሥራቅ ሀብተሥላሴ እባላለሁ። የምኖረው ሲያትል አጠገብ፣ ሾርላይን ሲሆን፣ ከኖርዝጌት ባቡር ጣቢያ አሥር ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ፣ የሐኪም ወረቀት ለያዙ ሕመምተኞች ካናቢስ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዲቪ ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ስሠራ ሞርፊን የሚቆለፍበት ሣጥን በኔ እጅ ነበር፤ አንዲት ፍሬ ጎድላ አታውቅም። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። በማመልከቻ ቅጻችሁ ላይ «ከዚህ ቀደም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ጋር ግንኙነት ነበረዎት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ በየዋህነት «አዎ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት» ብዬ በመመለሴ ብቻ ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ምርመራ ስለመረቃችሁልኝ ላመሰግናችሁ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ባለፈው መስከረም ከክፍላችሁ በወጣው መመሪያ መሠረት፣ ከሕመምተኛ ጋር ስለ መድኃኒቱ መጠንና አወሳሰድ የሚነጋገር ሠራተኛ ሁሉ ሥልጠና ወስዶ፣ የጣት አሻራ ሰጥቶ፣ የኋላ ታሪኩ ተጣርቶ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ካውንተር ላይ እንዳይቆም፣ ሕመምተኛ ቢጠይቀውም እንዳይመልስ ተከለከለ። በቅን ልቦና እናገራለሁ፣ በሐሳቡ ተስማምቻለሁ። የታመመ ሰው አምኖ ምክር የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነ መንግሥት ቢያጣራ ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። ሥልጠናውን ወሰድኩ፤ ፈተናውንም አለፍኩ። የሱቃችን ማናጀር ሮቢ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያትል ያደገ የኛው ልጅ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «የቀረው ባክግራውንድ ቼክ ብቻ ነው፣ ምሥሬ። ቱ ዊክስ፣ ቢበዛ ስሪ። እስከዚያ ጓዳ ሆነሽ ስቶክ ታደርጊያለሽ፣ ኦኬ?» አለኝ። እኔም ኦኬ አልኩ። ሰባት ወር ጓዳ ሆኜ ስቶክ አደረግሁ፤ ማለትም ካርቶን ደረደርኩ።

ቅሬታ ማቅረብ ስለማይሆንልኝ፣ በነዚህ ወራት የተደረገልኝን ውለታ በቁጥር አስቀምጬ ምስጋናዬን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ጣቶቼ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ኤቨረት በሚገኝ ሆቴል መታጠቢያ ቤት አጸዳለሁ። ዘጠኝ ዓመት በረኪና ሲነካው የኖረ ጣት ምን እንደሚመስል እናንተ ባታውቁም ማሽናችሁ አወቀ። አሻራዬን ያነሳችው ሴት አሥሩንም ጣቶቼን በየተራ መስተዋቱ ላይ ብትጫን፣ ብታንከባልል፣ ስክሪኑ ላይ የወጣው ነጭ ደመና ነበር። ልካዋለች፤ «አይነበብም» ተብሎ ተመለሰ። በወሩ ደግማ ላከችው፤ ያም ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን ክፍላችሁ ርኅራኄው በዝቶ አንድ ምክር ጨመረልኝ፦ ለስምንት ሳምንት ውኃና ሳሙና ካልነኩ መስመሮቹ ሊመለሱ ይችላሉ። ለመሥራት እንዲፈቀድልኝ መሥራት እንዳቆም ማለታችሁ መሆኑን ለመረዳት ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሆቴሉን መተው ስለማልችል ድርብ ጓንት አጥልቄ ቀጠልኩ። ቤት ውስጥ ግን ምክራችሁን አክብሬ ሳሙና ስላልነካሁ፣ ባለቤቴ መሳፍንት በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳህን አጠበ። የመንግሥት ኃይል እስከየት እንደሚደርስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለዚህ ያለ ምንም ምፀት ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስሜ። አሻራው እምቢ ሲል በስም ማጣራት እንደሚቻል ነገራችሁኝ። ከዚያ አንድ ትሑት ሠራተኛችሁ ደውሎ፣ የቤተሰብ ስሜ ከአባቴ የቤተሰብ ስም ለምን እንደተለየ ጠየቀኝ። የኔ ሁለተኛ ስም የአባቴ ስም እንደሆነ፣ የአባቴ ሁለተኛ ስም ደግሞ የአያቴ እንደሆነ፣ ባለቤቴ በአባቱ እንደሚጠራ፣ ሁለቱ ልጆቼም በአባታቸው በመሳፍንት እንደሚጠሩ በእርጋታ አስረዳሁት። «ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች በሦስት የቤተሰብ ስም ትኖራላችሁ ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። የኮምፒውተሩን ቁልፎች ለረጅም ጊዜ ሲጫን ይሰማኝ ነበር። በሳምንቱ «የተጠቀሙባቸውን የሐሰት ስሞች ሁሉ ይዘርዝሩ» የሚል ቅጽ በፖስታ ደረሰኝ። ፓስፖርቴ ላይ፣ ዲፕሎማዬ ላይና የጋብቻ ወረቀቴ ላይ ሦስት የተለያዩ ጸሐፊዎች ሀብተሥላሴን በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት አድርገው ስለጻፉት፣ ሦስት የሐሰት ስም ያላት ሴት ሆኜ ቅጹን ሞልቼ መለስኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰውዬው። ከሦስቱ የሐሰት ስሞቼ አንዱ፣ እግሬ ረግጦት በማያውቅ ግዛት ውስጥ ያለ ፈቃድ አጋዘን ሲያድን ከተያዘ ሰው ስም ጋር ገጠመ። ክሱን ልካችሁልኛል፤ ስለ ግልጽነታችሁ ምስጋና ይድረሳችሁ። ተከሳሹ ወንድ ነው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት ሲሆን፣ ግራ ክንዱ ላይ የንስር ንቅሳት አለው። እኔ ይህ ሰው አለመሆኔን በሠላሳ ቀን ውስጥ በማስረጃ እንዳረጋግጥ ታዘዝኩ። ከሐኪሜ የቁመትና የፆታ ማረጋገጫ አውጥቼ፣ የሁለቱን ልጆቼን የልደት ወረቀት አያይዤ፣ የግራ ክንዴን ፎቶግራፍ ከሦስት አቅጣጫ አንስቼ ላክሁ። ማስረጃው በቂ መሆኑን ለመወሰን አምስት ሳምንት ወሰደባችሁ። በዚያ አምስት ሳምንት ውስጥ ስለ እኔ ምን ተብሎ እንደተመከረ ባውቅ ደስ ባለኝ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያስቅ ነው፤ እኔም ሥራ ቦታ እያወራሁት ሰዎችን አስቄበታለሁ። ከዚህ ቀጥሎ ላለው ግን ቁጥር መስጠት አልቻልኩም።

ጋሽ ኑሩ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። የቡታጅራ ሰው ናቸው፤ እዚህ ከተማ መሀል የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታ በወጡ በዓመቱ አጥንታቸው ውስጥ ካንሰር ተገኘ። በፊት የተሰጣቸው ማስታገሻ ሆዳቸውን እያሰረ፣ አእምሯቸውን እያደነዘዘ ስላስቸገራቸው ሐኪማቸው የካናቢስ ወረቀት ጻፈላቸው። ወደ ሱቃችን መጀመሪያ የመጡ ቀን ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ በሩ ላይ ቆመው ወዲያ ወዲህ ካዩ በኋላ ነው የገቡት። ሐበሻ መሆኔን ሲያውቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ሐሺሽ ቤቱ ይሄ ነው?» አሉኝ።

«መድኃኒት ቤት ይበሉት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ሼኩን ጠይቄ ነው የመጣሁት። ለሕመም ከሆነ፣ ሐኪምም ካዘዘው ውሰድ ብለውኛል። ግን እንዳያሰክረኝ።»

የማያሰክር መጠን እንዳለ ነገርኳቸው። በብርጭቆ መምጠጫ ተስቦ ከምላስ ሥር የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ መረጥንላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣሉ፤ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ መቼ እንዳመማቸው በትንሽ ደብተር ጽፈው ያሳዩኛል፤ እኔም እያየሁ ከፍ ዝቅ አደርግላቸው ነበር። መመሪያችሁ ሲወጣ ይህ ቆመ።

በታኅሣሥ፣ እኔ የንስር ንቅሳት እንደሌለኝ በማረጋግጥበት ወቅት፣ ጋሽ ኑሩ የሚወስዱት ፈሳሽ ከገበያ ጠፍቶ በሌላ፣ በጣም ጠንካራ በሆነ ዓይነት ተተካላቸው። ካውንተሩ ላይ የነበረው ባልደረባዬ ፈቃድ ያለው፣ ጣቶቹ ለስላሳ፣ ስሙም ከአባቱና ከአያቱ የተስማማ ጨዋ ወጣት ነው። «የመምጠጫውን ግማሽ ብቻ፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሳይጠብቁ እንዳይደግሙ» ብሎ በእንግሊዝኛ በትክክል ነገራቸው። ስህተት የለበትም። ጋሽ ኑሩ ግን ከሱ አልፈው፣ በተከፈተው በር በኩል ካርቶን ስደረድር አዩኝ።

«ምሥራቅ! ምን እያለኝ ነው? እስኪ ነይ አስረጂኝ» አሉ።

ክቡራን፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ አረፍተ ነገር ነበር። ሮቢ ቀና ብሎ አየኝ፤ ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። እኔም መመሪያችሁን አስታወስኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ አሁን መናገር አይፈቀድልኝም» አልኩና ወደ ካርቶኖቼ ዞርኩ። ሰባት ወር ሙሉ ስለ ጠባዬ ስትመረምሩ ምን እንዳገኛችሁ አላውቅም፤ እኔ ግን በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የማፍርበት ይህ ነው፤ የሠራሁትም ሕግ አክብሬ ነው።

ጋሽ ኑሩ «ሃፍ» እና «ቱ አወርስ» የሚሉትን ቃላት ይዘው ቤታቸው ሄዱ። የመኪና ማቆሚያ ሰው ናቸውና በግማሽ ሰዓት ሒሳብ ማስከፈል በለመዱት መንገድ አሰሉት፦ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሙሉ መምጠጫ፣ ለሁለት ሰዓት። አራተኛውን ከወሰዱ በኋላ ልባቸው ሊፈነዳ ደረሰ፤ ግድግዳው ወደሳቸው መጣባቸው፤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ወድቀው የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም እንደነገሩኝ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ወለሉ ላይ ተኝተው እንደሚሞት ሰው ሸሃዳ ይሉ ነበር። ሐኪም ቤት ገብተው በማግሥቱ ወጡ። ጠርሙሱን ግን ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጡትና «ዳግመኛ አልነካውም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ እንደልቡ ሆነባቸው። አልጋ ላይ ጋደም ማለት አቃታቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎጣ ይነክሱ ጀመር።

እትዬ ዘምዘም ደወሉልኝ። «መጥተሽ አናግሪው፣ እባክሽ። ያንቺን ቃል ካልሰማ የማንንም አይሰማም» አሉኝ። ሮቢን ጠየቅሁት። ልቡ ተነክቷል፣ አልዋሽበትም፤ ነገር ግን፣ «ምሥሬ፣ ፈቃድሽ ገና ፔንዲንግ ሆኖ የሱቁ ሠራተኛ ነኝ ብለሽ ፔሸንት ቤት ሄደሽ ብትመክሪ ላይሰንሳችንን ነው የሚወስዱት» አለኝ። ጥቂት አሰበና፣ «ሶ፣ ለምን እሳቸው ራሳቸው ወኪል አያደርጉሽም?» ሲል ጨመረ።

ለካስ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ሕመምተኛ የሆነ ሰው፣ መድኃኒቱን የሚገዛለት፣ በቤቱ የሚያስቀምጥለትና በእጁ የሚሰጠው አንድ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው በሐኪሙ ወረቀት ላይ ማስመዝገብ ይችላል። ከጋሽ ኑሩና ከእትዬ ዘምዘም ጋር ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜዬን ከመታወቂያዬ ላይ አየ፤ ጋሽ ኑሩን «በሷ ይተማመናሉ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ በደኅናው እጃቸው ፈረሙ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ። አሻራ የጠየቀኝ የለም፤ የሐሰት ስሞቼን የጠየቀኝ የለም፤ ስለ አጋዘንም አልተነሳም። ካውንተር ማዶ ሆኜ ስለ ጠብታው አንድ ቃል እንዳልናገር የተከለከልኩት ሴት፣ ጠብታውን በኪሴ ይዤ ቤታቸው ገብቼ ከምላሳቸው ሥር ማድረግ ተፈቀደልኝ። የተፈቀደልኝም በዚያው ግዛት፣ በዚያው ሕግ ነው። ሁለቱን ነገሮች አስታርቆ የሚያስረዳኝ ሰው በክፍላችሁ ውስጥ ካለ፣ ለመማር ዝግጁ ነኝ።

በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ሽርጤን ጓዳ ሰቅዬ፣ በጓሮ በር ወጥቼ፣ ሕንፃውን ዞሬ፣ በፊት ለፊቱ በር ደንበኛ ሆኜ ገባሁ። ባልደረባዬ መታወቂያዬን አገላብጦ አየና እንደ ደንቡ፣ «ከዚህ በፊት ሱቃችን መጥተው ያውቃሉ?» አለኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ደከም ያለውን ዓይነት ገዛሁ። ጋሽ ኑሩ ቤት ሄጄ የመምጠጫው ብርጭቆ ላይ በልጄ ቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመርኩ።

«ጋሼ፣ ከዚህች መስመር አያልፉም። ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንዴ። አለቀ።»

መስመሯን ለረጅም ጊዜ አዩአት። «ያኔ ይቺን ብትነግሪኝ ኖሮ…» ብለው ጀመሩና የኔን ፊት ሲያዩ ተዉት። «ይሁን፤ አንቺ ካልሽ እወስዳለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ አልጋቸው ላይ ተኙ። ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሃምሳ ሦስት ቀን፣ እትዬ ዘምዘም እየቆጠሩ ነግረውኛል፣ ጋደም ብለው ተኙ። ካንሰሩን ማንም አላቆመውም፤ ማንም አቆመዋለሁ አላለም። መጋቢት ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ዐረፉ። ባለቤታቸው እንዳሉት ፊታቸው አልተኮማተረም ነበር።

የናንተ ደብዳቤ የደረሰኝ በሚያዝያ ነው። «ለሕዝብ ደኅንነት ሥጋት አለመሆንዎ ተረጋግጧል» ይላል። ማሽኑም በመጨረሻ ከአሥር ጣቶቼ አራቱን አንብቦልኛል። ፈቃዴን ደረቴ ላይ ለጥፌ በነጋታው ካውንተሩ ላይ ቆምኩ። ከቀትር በፊት እትዬ ዘምዘም ፌስታል ይዘው ገቡ። የያዙት ጠርሙሶቹን ነበር፤ የመጀመሪያውን፣ ጠንካራውን፣ እና ቀይ መስመር ያለበትን፣ ሩብ ያህል የቀረውን።

«የተረፈው ነው። የሰው መድኃኒት እቤቴ ከሚቀመጥ ለሌላ ለታመመ ሰው ስጡልኝ» አሉ።

የተሸጠ ነገር መልሰን መቀበል እንደማንችል ነገርኳቸው። «ታዲያ ምን ላድርገው?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ የመመለስ ሥልጣን አለኝ። ፈሳሹን ከቤት ቆሻሻ ጋር ደባልቀው፣ በፌስታል አጥብቀው አስረው እንዲጥሉት፣ የጋሽ ኑሩንም ስም ከጠርሙሱ ላይ ልጠው እንዲያነሱት ነገርኳቸው። ሰምተው፣ አመስግነውኝ፣ ፌስታላቸውን ይዘው ሄዱ። ተመርምራ፣ ተጣርታ፣ በመንግሥት የታመነች አማካሪ ሆኜ የሰጠሁት የመጀመሪያ ምክር ይኸው ነው።

ክቡራን፣ ማጣሪያው ይቅር አልልም። አሁንም ቢሆን ማንም ከመንገድ የመጣ ሰው የታመመን አዛውንት እንዲመክር አልፈልግም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ፋይል ስታዘገዩ፣ ከፋዩ አመልካቹ ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። ጠረጴዛችሁ ላይ ከሚቆይ ከያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ የያዘ ሰው ቆሟል፤ አንዳንዱም መቆም አይችልም።

በታላቅ አክብሮት፣ በማይነበቡ ስድስት ጣቶችና በሚነበቡ አራት፣ በሦስቱም የስም አጻጻፎቼ፣

ምሥራቅ ሀብተሥላሴ
ሾርላይን

ማስታወሻ፦ በማመልከቻ ቅጹ ሰባተኛ ገጽ ላይ፣ ስለ ጠባዬ ሊመሰክር የሚችል ዘመዴ ያልሆነ ሰው ስምና ስልክ እንድጽፍ ጠይቃችሁኝ ነበር። የጻፍኩት ጋሽ ኑሩን ነው። ነግሬያቸው ስለነበር በነዚያ ሁሉ ወራት ስልኩን ከእጃቸው አይለዩትም ነበር፤ ከናንተ ግን አንድም ጥሪ አልመጣም። ቁጥሩ አሁንም ይሠራል። እትዬ ዘምዘም ያነሱታል፤ እንግሊዝኛ ስለማይችሉ አስተርጓሚ ይዛችሁ ደውሉላቸው። የሚነግሯችሁ አላቸው።